ለብ ያለ ውሃ

ኅዳር 24

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከአልጋው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ባሌ እህት እስከ ሰላማዊ ማድቤት አርባ ሁለት። ውሃ አሞቅኩ፣ በባልዲ ተሸክሜ መጣሁ። ባሌን ኣስፋሃን አጠብኩት፣ አገላበጥኩት፣ ጀርባውን ቅባት ቀባሁት። ቁስሉ አልባሰም፣ አልዳነም። ቁርስ። አንሶላ ማጠብ። ምሳ። እንደገና ባልዲ… ወገቤ ለሁለት የተቆረጠ ይመስለኛል።

ይህን ደብተር ለምን ጀመርኩት? አማርኛ የማወራው ሰው አጥቼ ይሆናል። መቐለ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ትግርኛው አይቸግረኝም። እኔና ባሌ ግን በቤታችን የምናወራው በአማርኛ ነበር። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ ሲመታው ቀኝ እጁን፣ ቀኝ እግሩንና አማርኛውን ይዞበት ሄደ። የቀሩት ግራ እጁና ጥቂት የትግርኛ ቃላት ናቸው። ማይ። ኣይፋል። ዝሑል። ውሃ፣ አይሆንም፣ ቀዝቃዛ።

የምንኖረው መኪና ውስጥ ነው። (ስጽፈው ራሴን ሳቅ ያዘኝ።) ኣስፋሃ ቱሪስት ገርዓልታና ዳሎል ያመላልስበት የነበረው ካምፐር፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ ያለው። ተከራይተን የነበረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ደረጃው ከለከለን። ታላቅ እህቱ ሰላማዊ መቐለ ዳር ኲሓ ያለው ግቢዋ ውስጥ ሳሎኗን ለቃልን ነበር። እምቢ አለ። እንግዳ የሚገባበት ቤት ውስጥ አይተኛም። ሰው እንዲያየው አይፈልግም። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ እሱ መኪናው ውስጥ፣ እኔ ከሱ ጋር።

ከአልጋው ሥር የጋዝ ቦይለር፣ ውሃ ማሞቂያ፣ አለ። ቢሠራ ባልዲው ቀረልኝ። ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም። ዛሬ ሞከርኩት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ… አይቀጣጠልም።

ኅዳር 25

ፍሬ ከደሴ ደወለች። ልጃችን። ሐኪሙ ጥር መጀመሪያ ላይ ትወልጃለሽ ብሏታል። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ሥራው ሰመራ ነው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው።

"እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?"

"እመጣለሁ" አልኳት። ሳላስብ ነው አፌ ያለው።

ሰላማዊን አማከርኳት። "ማጠቡን አጥበዋለሁ የሺ ሓፍተይ፣ ወንድሜ አይደል? ባልዲ ተሸክሜ የዚህን መኪና ደረጃ መውጣት ግን በዚህ ጉልበቴ አልችልም። ውሃው እዚያው ቢሞቅ ኖሮ…" አለች። ሓፍተይ የምትለኝ እህቴ ለማለት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቦይለሩ ላይ ወደቀ።

ኅዳር 27

የእሳቱ ክፍል የሚከፈተው ከውጭ ነው፣ ከመኪናው ጎን ባለች ትንሽ መዝጊያ። ከበላዩ የኣስፋሃ መስኮት ነው። መስኮቱን ከፍቼለት ካቻቪቴ ይዤ ቁጢጥ አልኩ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት መኪና ፈትቶ የገጠመ ነው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም ከሥራ በፈቃድ የወጣሁ።

ጋዝ አለ፣ ምድጃው ይነዳልና። ታዲያ ለምን ቦይለሩ ጋ አይደርስም? የፈታሁትን ሁሉ እያነሣሁ በመስኮቱ አሳየዋለሁ። "ኣይፋል።" ሌላ። "ኣይፋል።" ጋዙ የሚወጣባትን፣ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ክፍት ያላት የናስ ቁራጭ ሳሳየው ዓይኑ በራ።

"ጽረጊ!" አጽጂ ማለቱ ነው።

ውስጧ የሸረሪት ድር! ሸረሪቷ ስንት ዓመት ኖራበት ይሆን? በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ… ለሷም አዘንኩላት። ናሷን ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕሬሰር አስነፋኋት። መልሼ ገጠምኩ። ጠቅ፣ ጠቅ… ቦግ!

"ከምኡ!" ብሎ ጮኸ። እንደሱ! ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ሳቀ።

ተጭኜ የያዝኩትን ቁልፍ ስለቅ እሳቱ ጠፋ። ደግሜ ለኮስኩ። ስለቅ ጠፋ። አሥር ጊዜ ያህል።

ኅዳር 29

እሳቱ አሁንም ይጠፋል። ተራ በተራ ተናደድን። እሱ "ሽቦ… ሽቦ" ይላል፣ የትኛውን እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። የያዘውን ማንኪያ ወረወረ። አንስቼ አጠብኩት። ምን እላለሁ?

ታኅሣሥ 2

ሰላማዊ ሳትነግረኝ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። የሷን ሮቶ የገጠመላት ሙጂብ የሚባል ሰው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ረጋ ያለ። ከሰላምታው አወቅኩት።

"የወሎ ሰው ነህ?"

"የሐይቅ ልጅ ነኝ እትዬ። እርስዎስ?"

"ደሴ።"

"ወላሂ? ደሴ የት?"

"ሮቢት።"

እንባዬ መጣ። ለአንድ ሰፈር ስም! እሱም ገብቶት መሣሪያውን የሚፈልግ መስሎ ዞር አለልኝ።

ኣስፋሃ ሰው መግባቱን ሲሰማ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። ሙጂብ ከበሩ ላይ ቆሞ "እግዜር ይማርዎ ጋሼ። የርስዎን መኪና ያለ ፈቃድዎ አልነካም" አለው። ከብርድ ልብሱ ሥር ግራ እጁ ወጥታ ወደ ውጭ ጠቆመች። ሥራህን ሥራ ነው? ወይስ ውጣልኝ? ሙጂብ ሥራህን ሥራ ብሎ ወሰደው።

የኣስፋሃ "ሽቦ" እውነት ነበረች። ጫፏ እሳቱ ውስጥ የምትቀመጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለች። የእሳቱ ሙቀት ካልተሰማት ጋዙን ትዘጋለች። "ለደኅንነት ነው እትዬ፣ እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ ቢፈስ ትታፈናላችኋ።" የኛዋን ጥላሸት በልቷታል። ሙጂብ ከአንድ አሮጌ የጋዝ ምድጃ የፈታትን አምጥቶ ቀየራት።

ስለቅ… አልጠፋም።

ታኅሣሥ 3

ሙቅ ውሃ። ከቧንቧ። እዚሁ። ጸጉሬን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ለፍሬ ደወልኩ። "መጣሁልሽ" አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያወራሁት።

ታኅሣሥ 6

ለብ ያለ ነው። እሳቱ ይነዳል፣ የቦይለሩ ሆድ ሲነካ ያቃጥላል፣ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ግን ለብ ያለ። ለምን?

ታኅሣሥ 8

ጠዋት ሙቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለብ። አብዷል?

ሰላማዊ የመቐለ ውሃ ነው አለች። ጀበና ውስጥ እንኳ ነጭ ድንጋይ ይሠራል። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ነገ አጥበዋለሁ።

ታኅሣሥ 9

እሳቱን አጥፍቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ የታችኛውን ቡሽ ፈታሁ። ውሃው ከነጭ ፍርፋሪ ጋር ወረደ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት። ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ፣ አንድ ጊዜ በኮምጣጤ። ስሠራ ኣስፋሃን በመስኮቱ ጠየቅኩት፤ "ይኼ ነው ችግሩ?"

ግድግዳውን ያያል። ከሁለት ሳምንት በፊት እኮ እንደ ልጅ እየጮኸ ሲያሠራኝ ነበር። ምን ነካው? ታከተው?

ማታ ላይ ውሃው ሙቅ ሆነ። ተመስገን።

ታኅሣሥ 10

ለብ ያለ።

ታኅሣሥ 13

ሻንጣ አወጣሁ። መቼም ማሰናዳት አይከለከልም። ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ለሕፃኑ የሠራኋት ሹራብ። ከዚያ የክረምቱን ጃኬት… የትምህርት ማስረጃዬን… የእናቴን ፎቶ። ለአርባ ቀን ጉዞ የክረምት ጃኬት ምን ያደርጋል? ማስረጃውስ?

እየከተትኩ ቀና ስል ኣስፋሃ ያየኛል። ፎቶውን መልሼ አወጣሁት። ማስረጃውን ግን አላወጣሁትም።

አውሮፕላን ከላያችን አለፈ፣ አሉላ አየር ማረፊያ ሊያርፍ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል።

ታኅሣሥ 15

በዚህ መኪና ውስጥ መተንፈሻ የለም። ቁስሉ ይሸታል። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሰው አላስገባም። ጓደኞቹ መጥተው ከበር ተመልሰዋል። ሃብተማርያም እንኳ፤ አብረው ሃያ ዓመት መንገድ የበሉት። እኔም አብሬ ተቀበርኩ። ሰው "ኣጆኺ" ይለኛል፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። አይዞሽ ብለው ይሄዳሉ።

እንዲህ ብዬ መጻፌ ኃጢአት ነው? እሱ እኮ ወዶ አይደለም…

ታኅሣሥ 17

ሙጂብ ተመልሶ መጣ። ቦይለሩን ዳሰሰው። "ይኼ ምንም የለበትም እትዬ። የሆነ ቦታ ቀዝቃዛ እየተቀላቀለበት ነው" አለ።

ከአልጋው ሥር በውስጥ በኩል ያለችውን መዝጊያ ከፈተ። ከቦይለሩ ጀርባ ሦስት ቫልቮች። አንዱ ቀዝቃዛ ያስገባል፣ አንዱ ሙቅ ያስወጣል። መካከለኛው ለሌላ ነው፤ መኪናው ለብዙ ጊዜ ሲቆም ውሃው ቦይለሩ ውስጥ ሳይገባ በጎን እንዲያልፍ። እሱ ከተከፈተ ቀዝቃዛው በአቋራጭ ይመጣና ሙቁን ያለዝበዋል።

ግማሽ ክፍት ነበር። ዘጋው። ከቧንቧው እንፋሎት ወጣ።

"ማን ከፈተው?"

"በራሱ አይዞርም እትዬ" አለ። ወዲያው መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ሲወጣ ዓይኔን አላየኝም።

እኔ ነኝ የከፈትኩት ማለት ነው? ያን ቀን ሳጥብ? ግን እኔ ከውጭ ነበርኩ…

ታኅሣሥ 18

ለብ ያለ። ራሴ ዘጋሁት። ሙቅ።

ታኅሣሥ 19

ለብ ያለ።

ታኅሣሥ 20

አወቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ልሄድ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ ስደርስ ጃንጥላዬን መርሳቴን አውቄ ተመለስኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል። የመኪናውን በር ቀስ ብዬ ከፈትኩ፣ ተኝቶ ከሆነ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ።

አልተኛም። በጎኑ ተጋድሟል። ግራ እጁ ከአልጋው ወርዳ መዝጊያዋ ውስጥ እስከ ክንዱ ገብታለች። ፊቱ ላብ በላብ። ያችን ቫልቭ ለማዞር የሚያደርገው ትግል… ለመብላት እንኳ እንደዚያ ታግሎ አያውቅም።

አየኝ። እጁን አላወጣም።

ጃንጥላውን አንስቼ ወጣሁ። ሱቅ አልሄድኩም። አስፋልቱን ይዤ እግሬ እስኪዝል ሄድኩ።

ታኅሣሥ 21

አጠብኩት። አበላሁት።

እኔን እያየ… እንደ አህያ ባልዲ ስሸከም እያየ። ቦይለሩን እንዳጥብ ፈቅዶ! በኮምጣጤ! አንዳንዴም እንዳልጠረጥር መልሶ እየዘጋው!

ታኅሣሥ 22

ዛሬ ቁርሱን ካበላሁት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ለምን?" አልኩት።

ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

"ልጅህ ልትወልድ ነው። ብቻዋን ናት። እኔ እንዳልሄድ ነው?"

አፉ ቃሉን ፈለገ። ከንፈሩ ተጣመመ፣ ተወው፣ እንደገና ሞከረ። ከዚያ በአገጩ ሻንጣውን አሳየኝ።

"ኣይትምለሲን" አለ። አትመለሺም።

"እመለሳለሁ" ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ያ የክረምት ጃኬት ታየኝ። ማስረጃው። እኔ እንኳ ለራሴ ያልነገርኩትን እሱ ተጋድሞ አንብቦታል። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርነው ለካ በከንቱ አይደለም…

"አላውቅም" አልኩት። "እውነቱን ንገሪኝ ካልክ፣ አላውቅም ኣስፋሃ። ግን እዚህ ውስጥ ሁለታችንም እየሞትን ነው። አንተ ሰው አላይም ብለህ በሩን ዘጋህ። እኔን ግን አልጠየቅከኝም።"

ማልቀስ ጀመረ። በሽታው ነው የሚያስለቅሰው ብሎኛል ሐኪሙ፣ ሁልጊዜ ኀዘን ላይሆን ይችላል። የዛሬው ግን ኀዘን ነው። አብሬው አለቀስኩ። አላባበልኩትም።

ከዚያ ተነሥቼ ቫልቩን ዘጋሁት። መዝጊያዋን አልቆለፍኩም። ቁልፍ እኮ አላት። ብቆልፋት ግን የእስር ቤት ጠባቂ እሆናለሁ።

ታኅሣሥ 23

ሙቅ።

ታኅሣሥ 24

ሙቅ።

ታኅሣሥ 25

ሃብተማርያም ጋ ደወልኩ። ኣስፋሃን አላስፈቀድኩም። ሲመጣ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ከግቢው በር ሄጄ እጁን ይዤ አስገባሁት። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ መኪናውን ሞላው።

"ሓወይ…" አለ፣ ወንድሜ።

ኣስፋሃ ብርድ ልብሱን ሊስብ ሞከረ። ብርድ ልብሱን ይዤ ነበር። ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፣ "ኣይፋል! ኣይፋል!" እያለ ጮኸ። ሃብተማርያም ወለሉ ላይ ዝርግት ብሎ ተቀመጠና ስለ መኪናው ያወራ ጀመር። ሞተሩ ስንት ጊዜ ነው ያልተነሣው? ባትሪው ሞቷል? ዘይቱስ? ብቻውን ግማሽ ሰዓት ለፈለፈ። በመጨረሻ ከክንዱ ሥር ድምፅ መጣ።

"ባትሪ… ሞይቱ።"

ሞቷል። ሃብተማርያም ወደኔ ዞሮ በአማርኛ "ይኸው፣ አናገረኝ! ሂጂ የሺ ሓፍተይ። ማንሣቱንና ማገላበጡን ለኔ ተይው" አለኝ።

ታኅሣሥ 30

ነገ እሄዳለሁ። ገና አለፈ፣ መንገዱ ሰላም ነው ይላሉ። ጃኬቱን ከሻንጣው አወጣሁ። ከዚያ መልሼ ከተትኩት። ደሴ ይበርዳል። ማስረጃውን ግን መሳቢያው ውስጥ አደረግኩት፣ ኣስፋሃ እያየኝ። ሳጥበው ሰላማዊ አጠገቤ ቆማ አየች፣ የትኛው ቁልፍ የት እንደሚዞር አሳየኋት።

ሌሊት ስለምነሣ ከወዲሁ ስሰናበተው እጁን እንዲሰጠኝ ጠበቅኩ። አልሰጠኝም።

ጥር 2

ደሴ። ኮረም ላይ ጉም ነበር። ፍሬ ሆዷ ከፊቷ ይቀድማታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ማንም ሳይጠራኝ።

ጥር 8

ወንድ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ፍሬ ደኅና ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ጨብጣ አደረች፣ ጣቴ አብጧል።

ወደ መቐለ ደወልኩ። ሰላማዊ እልል አለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት። "ወንድ ነው፣ አያት ሆንክ" አልኩት። በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ "እሺ" አለኝ። እሺ! ከስምንት ወር በኋላ።

ጥር 20

ሰላማዊ ደወለች። ውሃው በየቀኑ ሙቅ ነው። የጀርባው ቁስል እየደረቀ ነው። ሃብተማርያም በየሁለት ቀኑ ይመጣል፣ ሲመጣ ይጨቃጨቃሉ፣ ምን እንደሚጨቃጨቁ አይገባትም፤ ስለ ናፍጣ ነው አሉ።

ደስ አለኝ። ትንሽም ከፋኝ። እኔ በሌለሁበት ተሻለው ማለት ነው? ወይስ ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን በዝተን ነበር?

የካቲት 19

ትናንት ክርስትናው ነበር። ጾም ገብቷልና ድግሱ ሽሮና ክክ። ፍሬ "እማዬ፣ ለምን አትቀሪም? እዚህም እኮ አስተማሪ ይፈልጋሉ" አለችኝ። ሌሎቹ ሳይሰሙ፣ ማድቤት ውስጥ።

መቅረት እችላለሁ። ሊገርመኝ ሲገባ አልገረመኝም። እስካሁን ያነቀኝ እኮ አለመቻሉ ነበር።

"እሄዳለሁ። በክረምት እመለሳለሁ፣ በየክረምቱ እመጣለሁ" አልኳት። ማንም አላስገደደኝም።

የካቲት 23

ወልድያ አድሬ ስምንት ሰዓት ላይ መቐለ ገባሁ። ለማንም አልነገርኩም።

የግቢው በር ክፍት ነው። መኪናው የለም! የቆመበት ቦታ ላይ ደረቅ መሬትና የዘይት ጠብታ። ሰላማዊ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ሰው የለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ… ልጻፈው፣ ማን ያየዋል… ቅልል ያለኝ ነገር ነበር። ለአንድ አፍታ። ከዚያ ግን… ሞቶ ቢሆንስ? ሆስፒታል ቢሆንስ? ስልኬን አውጥቼ ልደውል ስል የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ሃብተማርያም ይነዳል። ኣስፋሃ ከጎኑ፣ ከፊት፣ በነጠላ ከወንበሩ ጋር ታስሮ፣ መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ። ጢሙን ተላጭቷል።

"መጺእኪ" አለኝ። መጣሽ።

"መጣሁ።"

ላወርደው እጄን ስዘረጋ በግራ እጁ ከለከለኝና ወደ ኋላ በር ጠቆመኝ። "ንኺድ።" እንሂድ።

ከነሻንጣዬ ገባሁ። እንዳ ኢየሱስ ወጣን፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ኮረብታ። እሑድ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ልጆች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይሄዳሉ። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆሙት። የልጅ ልጁን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት፣ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ሁለት ተማሪዎች አልፈው "ኣቦይ፣ ከመይ ውዒልኩም" አሉት። አባቴ፣ እንዴት ዋሉ። ፊቱን ይሸፍናል ብዬ ስጠብቅ ግራ እጁን አነሣላቸው። የተጣመመ ፊቱን አዩት። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"እግሬን ላፍታታ" ብዬ ወረድኩ። ብቻዬን ጫፉ ላይ እስካለው አሮጌ ምሽግ ድረስ ሄድኩ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፣ ነፋስ አለ። አልቸኮልኩም። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር።

ስመለስ ሃብተማርያም ከመኪናው ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ቆየሽ። ልጠራሽ ስል ከለከለኝ" አለኝ።

"ምን ብሎ?"

"ግደፋ አለኝ። ተዋት።"